የወርክሾፕ ማሽንን በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማንቀሳቀስ፦ ከየት ይጀመራል?

በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ ላሜራ የሚቆርጥ የፕላዝማ ማሽን ለአራት ወር ያህል ሸራ ለብሶ ቆሞ አይቻለሁ። ሞተሮቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ሐዲዱም ጥርሱም ኩሽኔታውም ምንም አልሆኑም። የተበላሸችው መዳፍ የምታክል የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ብቻ ነበረች። ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ስልክ ማንሣት አቁሟል፤ ሰሌዳዋ ሞተሮቹን በምን ስሌት ታዝ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፤ ቅንብሩም በይለፍ ቃል ተቆልፎ ነበር። ባለቤቱ የማሽኑን ዕዳ እየከፈሉ፣ ሠራተኞቻቸው የበርና የመስኮት ቅርጽ በእጅ መቁረጫ ሲያወጡ ይውሉ ነበር።

ድሬዳዋ ከማሽን ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ቶርኖ የሚያዞሩ፣ የጎደለ ጥርስ ራሳቸው ቀርጸው የሚተኩ ባለሙያዎችን ለትውልድ ሲያፈራ ኖሯል። እነዚያ ሰዎች ማሽኑን መጠገን የቻሉት ከፍተው ስላዩት ነው። የዛሬው ማሽን ግን ግማሽ አካሉ ሶፍትዌር በመሆኑ፣ ክዳኑን ፈትቶ ማየት ብቻውን ማሽኑን ከፈቱት አያሰኝም፤ ሶፍትዌሩም መከፈት አለበት። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው በእንጨት፣ በላሜራ ወይም በአሉሚኒየም ሥራ ላይ ያሉና ማሽናቸውን ራሳቸው ማዘዝ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

ክፍት ምንጭ ስንል ያለ ክፍያ የሚገኝ ማለታችን ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለማንም የተገለጠ ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ለማሽኑ በሚስማማ መንገድ ይቀይረዋል፣ የቀየረውንም ለሌላ ያካፍላል። በዚህ ሙያ ሁለት ስሞች ደጋግመው ይነሣሉ። አንደኛው ሊኑክስ ሲኤንሲ ሲሆን (ሲኤንሲ ማለት በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ነው)፣ መነሻው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራው ኢኤምሲ የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከተለቀቀ በኋላ ከልዩ ልዩ አገር የተሰባሰቡ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ተረክበው እዚህ አድርሰውታል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2009 ብቅ ያለው ገርብል ነው። ሁለቱም ጂፒኤል በተባለው የክፍት ምንጭ ፈቃድ የሚሰራጩ ሲሆን፣ የሚለያዩት ከዚህ በታች በምገልጸው አንድ ጉዳይ፣ ማለትም በጊዜ አጠባበቅ ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ማሽኑ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ማሽኖች ላይ የሚገኘው ስቴፐር ሞተር እንደ ተራ ዲናሞ መብራት ሲሰጡት ዝም ብሎ አይሽከረከርም። ድራይቨር በተባለው ሳጥን በኩል አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲደርሰው አንዲት እርምጃ ይራመድና ይቆማል። የተለመደው ሞተር አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይወስዳል፤ ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ ለ8 እንዲከፋፍል ከተቀናበረ 1600 ምት ያስፈልጋል። ሞተሩ የተያያዘበት ብሎን በአንድ ዙር ገበታውን 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ከሆነ፣ 1600 ለ5 ሲካፈል 320 ይሆናል። ይህ ማለት አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ 320 ምት መላክ አለበት ማለት ነው። ማሽኑ በደቂቃ 1500 ሚሊሜትር ይሂድ ካልን ደግሞ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 8000 ምት ያስፈልገዋል፤ በአንዱ ምትና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ 125 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። ማይክሮ ሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ሠርግ ቤት ከበሮ መቺው ምቱን ካዛነፈ ጨፋሪው እግሩ ይጠፋዋል። ስቴፐር ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ሞተሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። ምቱ ድንገት ከፈጠነ ወይም ከተቋረጠ ሞተሩ አንድ ሁለት እርምጃ ይስታል፤ ፕሮግራሙ ግን እርምጃው እንደተፈጸመ ቆጥሮ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ በዚያችው መጠን ተዛንፎ ይወጣል። ተራ ኮምፒውተር ደግሞ በዚህ ረገድ የማይታመን ከበሮ መቺ ነው። አይጡ ሲንቀሳቀስ፣ ዲስኩ ሲነበብ፣ ኢንተርኔቱ ሲጠራው ወደዚያ ዞር ይላል፤ የሚዘገየው ለሰው ዓይን በማይታይ ቅጽበት ቢሆንም ለሞተሩ ረጅም ጊዜ ነው።

ሁለቱ ፕሮግራሞች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ሊኑክስ ሲኤንሲ የኮምፒውተሩን ሥርዓት ራሱን ያርመዋል፤ «ሪል ታይም» በተባለ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ላይ ስለሚሠራ፣ ምቱን የመላክ ሥራ ከማንኛውም ሌላ ሥራ ይቀድማል። ይህ ከርነል ለብዙ ዓመት በተጨማሪ ማሻሻያ መልክ ለብቻው ሲሰራጭ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 6.12 ቁጥር በዋናው ሊኑክስ ውስጥ ተካትቷል። ገርብል ግን ኮምፒውተሩን ከምቱ ሥራ ጨርሶ ያገለዋል። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው አርዱይኖ ኡኖ በምትባል ትንሽ ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ሰሌዳዋ ከዚህ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌላት ምቱን ሳታዛንፍ በሰከንድ እስከ 30,000 ታደርሳለች። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ትእዛዙን በዩኤስቢ ገመድ መስመር በመስመር ማቀበል ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ «ጊዜውን የሚቆጥርልኝ ማን ነው?» የሚለው ነው። በእኔ ግምት ሦስት አቅጣጫ ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ እንጨት የሚቀርጽ ወይም ላስቲክና ቀጭን አሉሚኒየም የሚቆርጥ ማሽን ያለው ሰው በገርብል ቢጀምር ይቀለዋል፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ብልሽቱም ለማግኘት አያስቸግርም። ተጨማሪ አቅጣጫ ወይም ዋይፋይ የሚፈልግ ገርብል ኤችኤኤልንና ፍሉይድ ኤንሲን ይመልከት፤ ሁለቱም ከገርብል የበቀሉና ጠንከር ባሉ ሰሌዳዎች ላይ የሚሠሩ ናቸው። ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ወይም በርካታ ዳሳሾችና ረዳት መሣሪያዎች ያሉት ከባድ ማሽን ላለው ሰው ግን ሊኑክስ ሲኤንሲን ሳያወላውል እንዲመርጥ እመክራለሁ፤ ክር ማውጣትን ጨምሮ ብዙ የቶርኖ ሥራ ለመሥራት ስፒንድሉንና (የሚሽከረከረውን ራስ) ገበታውን በአንድ ላይ መቁጠር ይችላልና።

ሊኑክስ ሲኤንሲን የመረጠ ሰው አንድም ገመድ ከመንካቱ በፊት ኮምፒውተሩን ሊፈትን ይገባል። በፍላሽ ላይ የተጫነውን ሥርዓት ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጭኑ በቀጥታ ከፍላሹ ማስነሣት ስለሚቻል፣ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ፊት ሊሞክሩት ይችላሉ። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን የመዘግየት መፈተኛ ከፍተው ኮምፒውተሩን ሆን ብለው ያስጨንቁት፦ መስኮቶችን ይጎትቱ፣ ትልልቅ ፋይል ይቅዱ፣ ሙዚቃ ያጫውቱ፣ ቪዲዮ ይክፈቱ። ፈተናው ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ፣ ቢቻል ለሰዓታት ይቆይ። በመፈተኛው መስኮት ላይ ከሚታዩት ቁጥሮች ትልቁን የጊዜ መዛነፍ የሚያሳየውን ይያዙ፤ የተጻፈው በናኖ ሰከንድ ስለሆነ ለ1000 ሲያካፍሉት ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል። ከ20 በታች ከሆነ ያ ኮምፒውተር ምቱን ራሱ ለመላክ እጅግ ተስማሚ ነው። ከ30 እስከ 50 ከሆነ ይሠራል፣ ነገር ግን የማሽኑ ከፍተኛ ፍጥነት ዝቅ ይላል። 100 ከደረሰ፣ ከላይ ያሰላነው በምት መካከል ያለው ክፍተት 125 ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ ያ ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቁጥሩ ሲከፋ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው መሠረታዊ ቅንብር) ገብቶ ኃይል ቆጣቢ ቅንብሮችንና ሃይፐር ትሬዲንግን (አንዱን የፕሮሰሰር ክፍል እንደ ሁለት የሚያሠራውን) ማጥፋት ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በግማሽና ከዚያም በላይ ሲወርድ አይቻለሁ። ላፕቶፖች በአብዛኛው በዚህ ፈተና ይወድቃሉ፤ ባትሪያቸውን ለመቆጠብ የተሠሩ ናቸውና።

ፈተናውን ያለፈ ኮምፒውተር ከድራይቨሮቹ ጋር የሚገናኘው በቀድሞው የፕሪንተር ሶኬት፣ ባለ 25 እግሩ ፓራለል ፖርት ሊሆን ይችላል። 12 መውጫና 5 መግቢያ ስላለው ለባለ ሦስት አቅጣጫ ማሽን ይበቃል። ሶኬቱ በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ውስጡ የሚሰካ የፒሲአይ ካርድ ይገዛለታል። ዩኤስቢን ወደ ፓራለል የሚቀይረውን ገመድ ግን ማንም ቢያባብልዎ አይግዙ፤ ለፕሪንተር ይሠራል፣ ዩኤስቢ ጊዜ ስለማይጠብቅ ለዚህ አይሠራም። አቅም ያለው ሰው ምቱን ራሱ የሚያመነጭ ሜሳ የተባለ ካርድ በኔትወርክ ገመድ ያገናኛል፤ በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሩ በሺህኛ ሰከንድ አንዴ ብቻ ከካርዱ ጋር ስለሚነጋገር ከላይ ያለው ጥብቅ መለኪያ ብዙ ይላላል።

ማሽን የሌለው ሰውስ? እርሱም ዛሬውኑ መጀመር ይችላል። ሊኑክስ ሲኤንሲ ያለ ማሽን የሚሠራ ማስመሰያ አብሮት ይመጣል፤ ስክሪኑ ላይ መሣሪያው ሲሄድ፣ መስመሩን ሲስል ይታያል። እዚያ ላይ የማሽኑን ቋንቋ፣ ጂ ኮድን፣ ያለ አደጋ መማር ይቻላል። በማሽኑ ላይ ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፣ ትርጉማቸው ግን ቀላል ነው። ጂ21 «መለኪያው ሚሊሜትር ይሁን» ይላል። ጂ90 «ርቀቱ ሁሉ ከዜሮ ነጥብ ይቆጠር» ማለት ነው። ጂ0 ዜድ5 መሣሪያውን ከሥራው በላይ 5 ሚሊሜትር ያነሣል፤ ኤም3 ኤስ8000 ስፒንድሉን በደቂቃ 8000 ዙር ያስነሣል፤ ጂ1 ዜድ-1 ኤፍ100 በደቂቃ 100 ሚሊሜትር ፍጥነት አንድ ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ጂ1 ኤክስ50 ኤፍ600 ደግሞ እየቆረጠ እስከ 50 ሚሊሜትር ይሄዳል። ኤም5 ስፒንድሉን ያቆማል። ረጃጅሙን ኮድ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም፤ እንደ ፍሪካድ ያለው ክፍት ምንጭ የንድፍ ፕሮግራም ከሥዕሉ ተነሥቶ ያወጣዋል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን አሥር መስመሮች አንብቦ መረዳት የማይችል ሰው ማሽን ባያስነሣ ይሻላል። በኢንች የተዘጋጀ ፋይል በሚሊሜትር ሲነበብ ሥራው 25.4 ጊዜ ያንሳል፤ ተገላቢጦሹ ሲሆን ደግሞ መሣሪያው ከገበታው ጠርዝ ጋር ይላተማል።

ወደ ገመድ ሥራው ስንመጣ ሁለት ነገር ከሁሉ ይቀድማል። አንደኛ፣ ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ሲመታ የሞተሮቹንና የስፒንድሉን ኃይል በቀጥታ በኮንታክተር (ትልቅ ኃይል በሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) ሊቆርጥ ይገባል። «ፕሮግራሙ አይቶ ያቆመዋል» የሚለው አሠራር፣ ፕሮግራሙ ራሱ የደረቀ ዕለት የሰው እጅ ያስቆርጣል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ዓይነት ድርድር አልቀበልም። ሁለተኛ፣ ድራይቨሩ ኃይል እያለው የሞተሩን ገመድ አይንቀሉ፣ አይሰኩ፤ ድራይቨሩ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። በገበታው ዳርና ዳር የሚገጠሙት ሊሚት ስዊቾች በተለመደው ጊዜ ዝግ የሆነውን ግንኙነት እንዲጠቀሙ ይደረግ፤ ገመዱ ቢበጠስ ወይም ብሎኑ ቢላላ ማሽኑ ጫፍ እንደደረሰ ቆጥሮ ይቆማልና።

ከዚያ በኋላ ሊኑክስ ሲኤንሲ ላይ ስቴፕኮንፍ የተባለው አጋዥ ጥያቄ እየጠየቀ ቅንብሩን ይሠራል፤ ገርብል ላይ ደግሞ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ስፒንድሉን አጥፍቼ እያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ ትክክለኛው ጎን መሄዱን አያለሁ፤ ቀጥሎ ያሰላሁትን የምት ቁጥር አስገብቼ ገበታውን 100 ሚሊሜትር ልኬ እለካለሁ። ልኬቱ 99.2 ሆኖ ከተገኘ ብዙ ሰው ወዲያው ቁጥሩን ይቀይራል። በቺንጊያ ለሚንቀሳቀስ ማሽን ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በብሎን ለሚንቀሳቀስ ግን ብሎኑ በስሌት የታወቀ ስለሆነ ጥፋቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በብሎኑና በዳዶው መካከል ያለው ልቅነት፣ ያልጠበቀ ማያያዣ፣ አለዚያም የተጣደፈ ለካኝ ነው። ልቅነቱን ለማወቅ ገበታውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየገፉ ከዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ጋር ማስተያየት፣ ከዚያ አቅጣጫ ቀይሮ መርፌው ሳይንቀሳቀስ ስንት እንደተሄደ ማየት ይበቃል። ፍጥነቱና የፍጥነቱ አጨማመር በመጨረሻ ይመጣሉ፤ ሞተሩ ጮኾ እርምጃ እስኪስት ድረስ ቀስ እያልኩ እጨምርና ከዚያ አንድ ሦስተኛ ያህል እቀንሳለሁ።

ስለ መብራት መጥፋት ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ በእኛ ከተማ ብዙ እንጨት ያባከነው እርሱ ነውና። ከቀትር በፊት የጀመረ የበር ቀረጻ ሙቀቱ ሲከብድና ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ አልፎ እስከ ማታ ሊቆይ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ስቴፐር ሞተር የቆመበትን ቦታ ይረሳል፤ እጅ ቢነካው፣ ክብደቱ ቢጎትተው ፕሮግራሙ አያውቅም። መድኃኒቱ ሆሚንግ ነው። ማሽኑ ሲበራ ወደ ሊሚት ስዊቾቹ ሄዶ ነክቶ የራሱን ዜሮ እንደገና ያገኛል። በሥራው ላይ ያኖሩት ዜሮ፣ ማለትም ጂ54 የሚባለው፣ ከማሽኑ ዜሮ ተለክቶ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ምዝገባው ካልጠፋና እንጨቱ ከታሰረበት ካልተነቃነቀ መሣሪያው ወደዚያችው ነጥብ ይመለሳል፤ ገርብል ምዝገባውን መብራት ጠፍቶም ያስቀምጠዋል፣ ሊኑክስ ሲኤንሲ ግን ፋይሉ ላይ የሚጽፈው በሥርዓት ሲዘጋ ስለሆነ መብራቱ ድንገት ሲሄድ አዲሱ ዜሮ ሊጠፋ ይችላል። ሆሚንግ የተቀናበረለት ገርብል ሲበራ «አላርም» ብሎ የሚቆለፈው ይህን እንድናደርግ ነው፤ ሆሚንግ ሳያደርጉ ቁልፉን ብቻ ፈትተው የሚቀጥሉ ሰዎች ያጋጠሙኝ ሲሆን፣ ሁሉም ሥራቸው ተበላሽቶባቸዋል።

ከመሃል ሲቀጥሉ ደግሞ ከቆመበት መስመር ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሱ፤ መሣሪያውን ከእንጨቱ በላይ ያንሡ፣ ስፒንድሉን ያስነሡ፣ መለኪያውና ፍጥነቱ መታዘዛቸውን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ይጀምሩ። ለኮምፒውተሩና ለሰሌዳው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ሳጥን) መግዛት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አደጋ አለው። ሞተሮቹም በዩፒኤስ ላይ ከሆኑና ስፒንድሉ ከሌለበት፣ ስፒንድሉ ቆሞ ገበታው ሲገፋ መሣሪያው ይሰበራል። በ220 ቮልት የሚሠራ አንዲት ሪሌ ከመብራቱ ጋር አገናኝተው፣ መብራት ሲሄድ ወደ ሰሌዳው «ለጊዜው ቁም» የሚል ምልክት እንድትሰጥ ማድረግ ይህን ይከለክላል። የኮምፒውተሩን የእንቅልፍ ቅንብርም ያጥፉ፤ ገርብል ላይ ኮምፒውተሩ ቢተኛ ትእዛዙ ይቋረጣል፣ ማሽኑም እንጨቱ ውስጥ እንደገባ ይቆማል።

ሙቀትና አቧራ ሌላው የድሬዳዋ ፈተና ናቸው። ስቴፐር ሞተር ሲሠራ እጅ የማያስነካ ያህል መጋሉ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ ድራይቨሮቹን የያዘው ሳጥን ግን ጥላ፣ ማራገቢያና የአቧራ ማጣሪያ ይፈልጋል። ፕላዝማ ያለው ሰው ይህን ይጨምር፦ ችቦው ሲለኮስ የሚረጨው የኤሌክትሪክ ሁከት የምት ገመዶችን ያሳስታል፤ ስለዚህ ገበታው በሚገባ ከመሬት ጋር ይያያዝ፣ የምት ገመዶቹ ሽፋን ያላቸው ይሁኑ፣ ከችቦው ገመድም ይራቁ።

ሳቢያን ያለው ማሽን ሸራውን ያወለቀው በአንድ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተርና በአንድ የፓራለል ካርድ ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲፈተን 90 ማይክሮ ሰከንድ ያሳይ ነበር፤ ባዮሱ ከተስተካከለ በኋላ 18 ሆነ። የችቦውን ከፍታ የሚጠብቀው የራሱ ሳጥን ስለነበረው እርሱን አልነካንም። ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብን ሁከቱን ማጥፋት ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ችቦው በተለኮሰ ቁጥር ማሽኑ ሊሚት እንደነካ ቆጥሮ ሲቆም ቆይቶ፣ ገበታው ወፈር ባለ የመዳብ ገመድ ከመሬት ጋር ሲያያዝ ተወው። የማሽኑ ቅንብር ሁሉ ያለው ማንም ከፍቶ ሊያነባቸው በሚችላቸው ሁለት የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ነው። የባለቤቱ ልጅ ፋይሎቹን በሁለት ፍላሽ ገልብጦ አንዱን ቤት አስቀምጧል፤ አትሞም ከሳጥኑ መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፎታል፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ በእስክሪብቶ ምን እንደሆነ በአማርኛ ተጽፏል።